የዘለልኳት አንዲት ጥያቄ

ነገሩ ከሆነ ሰባት ዓመት አልፎታል። የፈጀው ጊዜ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። በዚያች ደቂቃ አንዲት ጥያቄ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ መተርጎም ነበረብኝ፤ ዘለልኳት። መኪና ስነዳ፣ ሥራ ቦታ ቆሜ፣ ቸርች ተቀምጬ ድንገት ትመጣብኛለች። ከአንድ ሰው በቀር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ዛሬ የምጽፈው አንድም ትንሽ እንዲቀለኝ፣ አንድም ቤት ለመግዛት ደፋ ቀና የሚል ወገን ካለ እንዲህ ያለችው ጥያቄ እንዳታመልጠው ብዬ ነው።

የምኖረው ከሲያትል ወረድ ብሎ ፌደራል ዌይ ነው። የምሠራው ፋርማሲ ውስጥ ነው። አሜሪካ የመጣሁት በአሥራ አራት ዓመቴ ስለሆነ ሃይስኩልም ኮሌጅም የጨረስኩት እዚሁ ነው። እንግሊዝኛዬ ደህና ነው፤ አማርኛዬም እንደምታዩት አልጠፋም። ስለዚህ የሐኪም ቀጠሮ ያለው፣ ከልጁ አስተማሪ ጋር የሚነጋገር፣ መንጃ ፈቃድ የሚያወጣ ሁሉ የሚደውለው ለእኔ ነበር። ባለቤቴ "አንቺን ያገባሁት እኔ ነኝ ወይስ ኮሙኒቲው?" እያለ ይቀልድብኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር እኔ ደስ ይለኝ ነበር። "ቲጂ ካለች አንፈራም" ሲባል ልቤ በኩራት እብጥ ይላል።

እትዬ አስካለንና እትዬ ለተብርሃንን ያወቅኳቸው ጎረቤቶቻችን ሆነው ነው፤ ያኔ ሁላችንም አንድ አፓርትመንት ውስጥ እንከራይ ነበር። ብዙ ሰው እህትማማች ይመስሉታል። እህትማማች አይደሉም፤ ዘመድም አይደሉም። እትዬ አስካለ የደብረ ብርሃን ሰው ናቸው። እትዬ ለተብርሃን ወላጆቻቸው ኤርትራውያን ናቸው፤ እሳቸው ግን ተወልደው ያደጉት አዲስ አበባ ነው። የተገናኙት እዚሁ አገር፣ አዛውንቶች የሚጠበቁበት ቤት ሲሠሩ ነው። አንዷ ቀን፣ አንዷ ማታ ነበሩና በር ላይ ሲተላለፉ ተዋወቁ። ኪራይ እስኪቀል አብረን እንሁን ብለው አንድ ቤት ገቡ። ኪራይም አልቀለለ፣ እነሱም አልተለያዩ፤ አሥራ አምስት ዓመት አብረው ኖሩ።

እትዬ አስካለ ሞላ ያሉ፣ ሳቂታ፣ ነገር የማይከብዳቸው ሴት ነበሩ። እትዬ ለተብርሃን ቀጭን፣ ቁጥብ፣ ቃላቸውን መርጠው የሚናገሩ ናቸው። እሁድ እሁድ በአንድ መኪና ነው የሚወጡት። እትዬ አስካለ ጴንጤ ስለሆኑ መጀመሪያ ጓደኛቸውን ቅዳሴ አድርሰው ከዚያ ወደ ራሳቸው ቸርች ይሄዳሉ። ሲያወርዷቸው "ለቱ፣ ዛሬም ቆመሽ ልትውይ ነው?" ይሏቸዋል። "አንቺስ ስትጮሂ ልትውይ አይደል?" ብለው ይመልሳሉ እትዬ ለተብርሃን። በጾም ወራት ግን እትዬ አስካለም ሥጋ ወደ ቤት አያስገቡም ነበር።

እትዬ ለተብርሃን ልጅ የላቸውም። እትዬ አስካለ አንድ ወንድ ልጅ አላቸው፤ ዳንኤል ይባላል። ከአባቱ ጋር ከተለያዩ በኋላ አባትየው ዲቪ ደርሶት ልጁን በስድስት ዓመቱ ይዞት መጣ። እናትየው እዚህ ለመድረስ ሲሳካላቸው ልጁ ጎረምሳ ሆኖ፣ አማርኛውንም ረስቶ ጠበቃቸው። እሱ ቴክሳስ፣ እሳቸው እዚህ። ሲደውሉለት እሳቸው በአማርኛ ይጠይቃሉ፣ እሱ በእንግሊዝኛ ይመልሳል። ጥሪው አምስት ደቂቃ አይሞላም። ስልኩን ከዘጉ በኋላ "ደህና ነው፣ ተመስገን" ብለው ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ።

የአፓርትመንቱ ኪራይ በየዓመቱ ሲጨምር አንድ ቀን እትዬ አስካለ "ለምን ቤት አንገዛም?" አሉ። እትዬ ለተብርሃን መጀመሪያ ሳቁባቸው። በኋላ ግን ሁለቱም ኦቨርታይም ገቡበት። ቤት የሚያሻሽጥላቸው ኤጀንት የእኛው አገር ልጅ ነበር። ብዙ ዞረው በመጨረሻ እዚሁ ፌደራል ዌይ አንድ ኮንዶ አገኙ። ሁለት መኝታ ነው፤ መሬት ላይ ያለ፣ ደረጃ የሌለው፣ ለጉልበታቸው የሚመች። ከኋላ በር አጠገብ ጥቂት አፈር አለው። እትዬ ለተብርሃን ገና ሳይገዙት "እዚህ ጎመን፣ እዚያ ጤና አዳም" ብለው አፈሩን አከፋፈሉት።

ፊርማው ሲቃረብ ደወሉልኝ። "ቲጂ ከሌለች እስክሪብቶ አንነካም" አሉ እትዬ አስካለ።

"ኤጀንቱ አማርኛ ያውቅ የለም እንዴ?" አልኳቸው።

"እሱ ለሥራው ነው፤ አንቺ የእኛ ነሽ" አሉኝ።

ቀኑ ዓርብ ነበር። ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ሄድኩ። የቤት ግዢ ፊርማ የሚፈጸምበት ቢሮ ትልቁ መንገድ ዳር፣ ከጥርስ ሐኪም ቤት አጠገብ ነው። ሁለቱም የሐበሻ ቀሚስ ለብሰው መጥተዋል። እትዬ አስካለ በፎጣ የተጠቀለለ ድፎ ዳቦ ታቅፈዋል። "ቤት ተገዝቶ በደረቁ አይፈረምም" አሉኝ ሳያቸው። ኤጀንቱ ሰላም ብሎን ጥቂት እንደቆየ ሌላ ደንበኛ ኮል አደረገለትና ይቅርታ ጠይቆ ወጣ። ሦስታችን ከቢሮዋ ሴትዮ ጋር ቀረን።

ሴትዮዋ በዕድሜ ጠና ያለች፣ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሰው ነበረች። የወረቀቱ ቁልል ብዛት አይጣል ነው። እሷ ታስረዳለች፣ እኔ እተረጉማለሁ፣ እነሱ ይፈርማሉ። ይሄ የባንኩ ብድር ነው፤ ይሄ በየወሩ የምትከፍሉት ነው፤ ይሄ የግቢው ማኅበር ደንብ ነው፣ በረንዳ ላይ ልብስ ማስጣት አይቻልም። በዚህኛው ሁለቱም ተናደዱ፤ ሳቅን። ሥራዬን በደንብ እየሠራሁ ነበር። በራሴ ደስ ብሎኝ ነበር።

ቁልሉ ግማሽ ላይ ሲደርስ ሴትዮዋ ቆም አለች።

"ሁለቱ ባልና ሚስት ስላልሆኑ አንድ ነገር መጠየቅ አለብኝ" አለች። "የባለቤትነት ወረቀቱ ላይ እንዴት ይጻፍ? ከሁለቱ አንዷ ብትሞት ድርሻዋ በሕይወት ላለችው ይለፍ? ወይስ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ድርሻ ይያዙና የሟች ድርሻ ለሟች ወራሾች ይሂድ? እኔ መምከር አይፈቀድልኝም። መምረጥ ያለባቸው እነሱ ናቸው።"

ጥያቄው ገብቶኛል። አልገባኝም ብዬ የማመካኝበት ነገር የለም።

ወደ እነሱ ዞርኩ። ሁለቱም ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። እትዬ አስካለ ዳቦውን እንደታቀፉ ፈገግ ብለዋል። እናቴ ልትሆን ለምትችል ሴት፣ በደስታዋ ቀን፣ ቁልፍ ልትቀበል በተቀመጠችበት እንዴት ብዬ ነው "ከሁለታችሁ አንዳችሁ ስትሞቱ" የምላት? ገና ሳይገባበት የሞት ስም የተጠራበት ቤት አይቀናም ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ደግሞ ጥያቄው ሌላም ጣጣ አለው። እትዬ አስካለን በጓደኛቸው ፊት "ከልጅዎና ከእሳቸው ማንን ይመርጣሉ?" እንደ ማለት ነው። ፊቴ ሲግል ተሰማኝ።

"ምን ትላለች?" አሉ እትዬ አስካለ።

"ቤቱ የሁለታችሁም እኩል ነው ወይ ነው የምትለው" አልኩ።

"እንዴታ! እኩል ነዋ!"

እትዬ ለተብርሃንም አንገታቸውን ነቅነቅ አድርገው "ግማሽ ግማሽ ነው በያት" አሉኝ።

እኔም "እኩል ነው፤ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ግማሽ" ብዬ በእንግሊዝኛ ነገርኳት። ሴትዮዋ ግን ዝም ብላ አላለፈችውም። መነጽሯን አውልቃ አየችኝ። "ስለ ወራሾቹ ያልኩት ገብቷቸዋል?" ብላ ጠየቀችኝ።

"ገብቷቸዋል" አልኳት።

አንድ ወረቀት አትማ አመጣች። ፈረሙ። የመጨረሻው ፊርማ ሲያልቅ ዳቦው ተቆረሰ፤ ሴትዮዋም ቁራሽ ወሰደች። እትዬ ለተብርሃን ቁልፉን ተቀብለው ስመው ለእትዬ አስካለ ሰጧቸው። እኔ በሆዴ "ሌላ ጊዜ፣ ሲረጋጉ፣ ቀስ ብዬ አስረዳቸዋለሁ" አልኩ። አንድ ሳምንት ያህል አሰብኩት። ከዚያ ረሳሁት።

አራት ዓመት በዚያ ቤት ኖሩ። ደስተኞች ነበሩ። በበጋ የሄደ እንግዳ ሁሉ ጎመን በፌስታል ሳይዝ አይወጣም። እትዬ አስካለ ሳሎኑን እንደ ፀሐይ ቢጫ ቀለም አስቀቡት፤ እትዬ ለተብርሃን ዓይኔን አመመኝ ብለው ለአንድ ወር አኮረፉ። "ይሄ ግማሹ የኔ ነው፣ የኔን ግማሽ ነጭ አድርጊልኝ" ይሏቸው ነበር።

የዛሬ ሦስት ዓመት በጥር አንድ ማለዳ እትዬ ለተብርሃን ከሥራ ሲመለሱ እትዬ አስካለ ሶፋው ላይ ጋደም ብለው አገኟቸው። የተኙ መሰላቸው። እንዳይቀሰቅሷቸው በእግራቸው ጣት እየረገጡ ገብተው ሻይ ጣዱ። ሻዩ ፈልቶ ሁለት ብርጭቆ ቀድተው ከመጡ በኋላ ነው የነኳቸው። ሐኪሞቹ ልብ ነው አሉ።

ልቅሶው እዚያው ኮንዶ ውስጥ ሆነ። የሁለት ቤተ ክርስቲያን ሰው አንድ ሳሎን ሞላው። ፓርክ የሚደረግበት ጠፍቶ ጎረቤት ተቆጣ፤ ምን እንደሆነ ሲነገራቸው እነዚያው ጎረቤቶች ወንበር አምጥተው ሰጡን።

ዳንኤል ከቴክሳስ መጣ። ረጅም፣ ዝግ ያለ፣ ሠላሳዎቹ አጋማሽ ላይ ያለ ሰው ነው። ሰው ሁሉ አቅፎት ሲያለቅስ እሱ እጁን የት እንደሚያደርግ ግራ ገብቶት ይቆማል። እትዬ ለተብርሃን የእናቱን አልጋ አነጠፉለት፤ በእጃቸው አጎረሱት። በሦስተኛው ቀን ኮሪደሩ ላይ ብቻዬን አገኘኝና በእንግሊዝኛ "እናቴ ምን ዓይነት ሰው ነበረች?" ብሎ ጠየቀኝ። ምን ብዬ እንደመለስኩለት አላስታውስም። አልቅሼ ነበር።

ከአራት ወር በኋላ እትዬ ለተብርሃን አንድ ፖስታ ይዘው ቤቴ መጡ። "ቲጂ፣ ይቺን አንብቢልኝ። ከባንክ መሰለኝ" አሉ።

ከባንክ አልነበረም። ከቴክሳስ፣ ከዳንኤል ጠበቃ ነው። ዳንኤል የእናቱ ብቸኛ ወራሽ ስለሆነ የቤቱ ግማሽ የእሱ መሆኑን ይገልጻል። እትዬ ለተብርሃን የእሱን ግማሽ እንዲገዙት፣ ካልቻሉ ግን ቤቱ ተሸጦ እንዲካፈሉ ይጠይቃል። ሁለተኛውን አንቀጽ ሳነብ ያቺ ሴትዮ መነጽሯን አውልቃ ስታየኝ ፊቴ ላይ ድቅን አለች። 

"ምን ይላል?" አሉኝ።

ያን ቀን አንድም ቃል ሳልዘል ነገርኳቸው። ፖስታውን ገልብጠው አዩት። ከዚያ "ዳኒ ነው? የአስኩ ልጅ? ተሳስቶ ይሆናል እኮ" አሉ።

አንድ ቅዳሜ ላይብረሪ ውስጥ ነፃ የሕግ ምክር ወደሚሰጥበት ወሰድኳቸው። ጠበቃው ሸምገል ያለ ፈረንጅ ነው። የባለቤትነቱን ወረቀት ከኮምፒዩተሩ ላይ አወጣና በጣቱ አንዲት መስመር አሳየን። ሁለቱ ሴቶች ቤቱን የያዙት እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ድርሻ ይዘው ነው ትላለች መስመሯ። ሌላኛው ዓይነት ተጽፎ ቢሆን ኖሮ የሞት ምስክር ወረቀት አስገብተው ቤቱ ሙሉ በሙሉ የእሳቸው ይሆን ነበር አለ። ኑዛዜ ቢኖርም ኖሮ ሌላ ነገር ይሆን ነበር። ኑዛዜ የለም። ስለዚህ የእናት ድርሻ የልጅ ነው፤ ልጁ ልሽጥ ካለ ደግሞ ፍርድ ቤት ሊያሸጥ ይችላል።

እኔ ተረጎምኩ። እትዬ ለተብርሃን ወረቀቷን አተኩረው አዩዋት።

"እኛ ግማሽ ግማሽ ያልነው አንድ ነን ለማለት ነው እኮ" አሉ። "ንገሪው፤ አንድ ነን ለማለት ነው።"

ነገርኩት። ጠበቃው አንገቱን ደፋ አደረገ። "ሲገዙ ይህን ምርጫ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም?" አለ።

"ምን አለ?"

"ሲገዙ ተጠይቀው ነበር ወይ ይላል" አልኳቸው።

"አንቺ አልነበርሽ እንዴ? አንቺው ንገሪው።"

ለሁለተኛ ጊዜ ያችው ደቂቃ መጣች። ጠበቃው አፌን እያየ ይጠብቃል። "እኔ ነኝ፤ እኔ ነኝ ያልነገርኳቸው" ማለት ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩና "አዎ፣ ተጠይቀዋል" አልኩት። "እንግዲያው ብዙ የምለው የለኝም" አለ።

ቤቱ ከተሸጠ ከብዙ ጊዜ በኋላ የሌላ ሰው ታሪክ አስመስዬ ሌላ ጠበቃ ጠይቄ ነበር። አስተርጓሚዋ ጥያቄውን አለመናገሯ በጊዜው ቢገለጽ ምናልባት አንድ መከራከሪያ ይሆን እንደነበር ነገረኝ። "ምናልባት" ነው ያለኝ። የመጀመሪያውን ጥፋቴን ይሉኝታ ነው ብዬ ላልፈው እችላለሁ። ይሄኛው ግን ፍርሃት ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

በእኛ ወግ ፍርድ ቤት ከመሄድ በፊት ሽማግሌ አለ። የእትዬ አስካለ ፓስተርና የእትዬ ለተብርሃን ንስሐ አባት አንድ ላይ ተቀመጡ። ሌላ ጊዜ በአንድ ጠረጴዛ የማይገናኙ ሰዎች ናቸው። እኔ ቤት፣ ስልኩ ስፒከር ላይ ሆኖ፣ ዳንኤልን አነጋገሩት። ስለ ሁለቱ ሴቶች ፍቅር፣ ስለ እትዬ ለተብርሃን ዕድሜ፣ ስለ እናቱ ነፍስ ነገሩት። አቋርጦ አልተናገረም።

"ፓስተር፣ አባ፣ ሪስፔክት አደርጋችኋለሁ" አለ በተሰባበረ አማርኛው። "ኦኬ፣ እሷ ጥሩ ሰው ናት፤ አውቃለሁ። ባት እኔ ማዘሬን አላውቃትም። ሲክስ ዓመቴ ነበር። እናንተ ሁላችሁ ታውቋታላችሁ፤ ሷ ለናንተ ምግብ ሠርታለች፣ ከናንተ ጋር ስቃለች። ለኔ ከእሷ የመጣልኝ ይሄ ብቻ ነው። ሁለት ልጆች አሉኝ። እነሱም ቤት የላቸውም።"

 ንስሐ አባትየው ስልኩ ከተዘጋ በኋላ "ልጁ ሐሰት አልተናገረም" አሉ።  ዳንኤል እስከ መስከረም ድረስ እጠብቃለሁ ብሎ ነበር፤ ቃሉን ጠበቀ። ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ለእኔ ይሻለኝ ነበር፤ የምጠላው ሰው አገኝ ነበር።

ባንኩ ለእትዬ ለተብርሃን ለብቻቸው አላበድርም አለ። ጉልበታቸው ታምሞ የሥራ ሰዓታቸውን ቀንሰው ነበር። ቤቱ ተሸጠ።

የወጡበት ቀን ዕቃ ለማሸግ ሄድኩ። የእትዬ አስካለን ልብስ እትዬ ለተብርሃን ራሳቸው እጥፍ እጥፍ አድርገው ጨርሰውታል። ቢጫው ሳሎን ባዶ ሲሆን ይበልጥ ቢጫ ሆነ። ጎመኑ ያን ሰሞን ገና ደርሶ ነበር። ልቁረጥልዎት ወይ ስላቸው "ተይው፣ ደርሷል፤ የሚገቡት ሰዎች ይብሉት" አሉኝ። በሩን ቆልፈው ቁልፉን ለኤጀንቱ ሰጡት። 

ለአዛውንቶች የሚሰጠው ቤት ተራ እስኪደርሳቸው እኔ ቤት ይሁኑ ብዬ ለመንኳቸው። የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ "ኢትስ ኦኬ ማሚ፣ ማይ ሩም ትውሰድ" ብላ ክፍሏን ለቀቀችላቸው። ሰው ሁሉ አመሰገነኝ። ባለቤቴ እንኳን "አንቺ የዋዛ ልብ የለሽም" አለኝ። ምስጋናው በበዛ ቁጥር እህል አልወርድ አለኝ።

ሁለት ወር እንደቆዩ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ልብስ እያጠፍን ነበር። ባለቤቴና ልጄ ዋና ሄደዋል። የልጄን ካልሲ ጥንድ ጥንዱን ሲፈልጉ አየኋቸውና ከዚህ በላይ መቻል አቃተኝ።

"እትዬ፣ የፊርማው ቀን ሴትዮዋ የጠየቀችው እኔ እንዳልኳችሁ አልነበረም" አልኩ።

ካልሲውን ማጠፍ አላቆሙም። "አውቃለሁ" አሉኝ።

"ምኑን ነው የሚያውቁት?"

"ስለ ሞት ነበር የጠየቀችው። አስኩ ሰምታታለች። ያን ሁሉ ዘመን ሽማግሌና አሮጊት ስንጠብቅ ኖረን 'ዳይ' ማለት ምን እንደሆነ ይጠፋናል? ወረቀቱ ነው እንጂ የከበደን፣ እሱን ቃል እናውቀዋለን።"

 እሳቸው ቀጠሉ።

"ያን ቀን ማታ አልነገረችኝም፤ በማግስቱ ነው። 'ለቱ፣ ልጅቷን አየሻት? በደስታችን ቀን ሞትን ላለመጥራት ፊቷ ቲማቲም መስሎ ዘለለችው። እናቷ አሳድጋታለች' አለችኝ። እጅዋን ዘርግታ መረቀችሽ። እኔም አሜን አልኩ።"

"ታዲያ ለምን አልጠየቃችሁኝም? ለምን አላስተካከላችሁትም?"

ካልሲውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። "አንቺ ለእኛ ብለሽ ያፈርሽበትን እኛ እንዴት ብለን እናንሳብሽ? ደግሞ እኔና እሷስ እንዴት አድርገን እናውራው? 'አንቺ ብትሞቺ ቤትሽን ለእኔ ስጪኝ፣ ለልጅሽ አትስጪው' ልበላት? እሷስ 'ብሞት' ብትለኝ አፏን አልይዛትም? ጊዜ ያለን መስሎን ነበር፣ ልጄ።"

ይቅርታ ልጠይቃቸው ጉልበታቸው ላይ ተደፋሁ። ራሴን ዳበሱኝ። "ተነሺ፣ ተነሺ፤ አንቺ ምን አደረግሽ? ጨዋ ሆንሽ እንጂ" አሉኝ።

አሁን ኬንት ከተማ የአዛውንቶች ሕንፃ ውስጥ አራተኛ ፎቅ ላይ አንድ ክፍል አላቸው። አፈር የለውም፤ መስኮቱ የሚያየው መኪና ማቆሚያውን ነው። በየሁለት ሳምንቱ እሄዳለሁ። ማስተርጎም አልተውኩም፤ ግን እንደ ድሮው አይደለሁም። ቤት ለሚገዙ ሰዎች ስተረጉም "ከመካከላችሁ አንዱ ሲሞት" ብዬ ፊት ለፊት እጠይቃለሁ። አንዳንዱ ያማትባል፣ አንዳንዱ "ምን ዓይነቷ ናት!" ይላል። ባለፈው አንድ አባወራ ተቆጥተው ስልኬን ከስልካቸው እንዳጠፉ ሰማሁ። ግድ የለኝም፤ ቢያንስ ሰምተዋል።

እትዬ ለተብርሃን ቢረግሙኝ እችለው ነበር። ቢያኮርፉኝ፣ በሩን ቢዘጉብኝ፣ "ቤቴን ያሳጣሽኝ አንቺ ነሽ" ቢሉኝ አልቅሼ ይወጣልኝ ነበር። እሳቸው ግን ልወጣ ስነሳ በሩ ድረስ ግድግዳውን ተደግፈው ይሸኙኛል። ሁለት እጃቸውን ዘርግተው "እንደ ጨዋነትሽ ይክፈልሽ" ይሉኛል። አንገቴን ደፍቼ እቆማለሁ፤ አሜን የምትለዋ ቃል ከአፌ አትወጣም።